የተወረሰ ልሳን

«ወረሰ» የሚለው ግስ በአማርኛ ሁለት ፊት አለው። ልጅ የአባቱን ርስት ይወርሳል፤ አሸናፊም የተሸናፊውን ቤት ይወርሳል። በፊተኛው ሞት እንጂ ጠብ የለም፤ ሰጪው ወድዶ ይተዋል፣ ተቀባዩም አልቅሶ ይረከባል። በኋለኛው ግን ሰጪ የሚባል የለም፤ ያለው የሚወስድና የሚወሰድበት ብቻ ነው። ቤትም መሬትም ከብትም በሁለቱም መንገድ ሊወረስ እንደሚችል የማያውቅ የለም። ቋንቋስ? አንድ ሕዝብ ሲገዛውና ሲረግጠው የኖረ ጌታ ተሸንፎ ከሄደ በኋላ የጌታውን ቋንቋ ይዞ ቢቀር፣ ያ ሕዝብ ምን ይባላል? አባቱን የተካ ልጅ ነው? ምርኮውን ይዞ የገባ ዘማች ነው? ወይስ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ፣ የተወረሰው ቋንቋው ሳይሆን ሕዝቡ ራሱ ነው?

እንዲህ ያለውን ጥያቄ በባዶ ሜዳ ከማንሣት በአንድ ቋንቋ ዕድል ላይ መመርመር ይሻላል፤ ለዚህም ከፖርቱጋልኛ የተሻለ ምስክር ማግኘት ያዳግታል። ዛሬ ቋንቋውን የሚናገረው ሕዝብ ከ250 ሚሊዮን በላይ ሲሆን፣ ስሙን ያወጣችለት ፖርቱጋል ያላት ሕዝብ ግን ከ10 ሚሊዮን ብዙም አይርቅም። ብራዚል ብቻዋን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 ባደረገችው ቆጠራ 203 ሚሊዮን ሕዝብ አላት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አንጎላ፣ ሞዛምቢክ፣ ጊኒ ቢሳው፣ ኬፕ ቨርድ፣ ሳኦ ቶሜና ፕሪንሲፔ፣ ምሥራቅ ቲሞር ቋንቋውን የመንግሥታቸው ቋንቋ አድርገውታል። ስለዚህ ሃያ አምስት የፖርቱጋልኛ ተናጋሪዎች በአንድ አዳራሽ ቢሰበሰቡ፣ የፖርቱጋል ሰው የሚሆነው ከመካከላቸው አንዱ ብቻ ነው። ከቀሩት የብዙዎቹ ቅድመ አያቶች ቋንቋውን የተማሩት በመስቀል፣ በጅራፍ ወይም በሕግ አስገዳጅነት ነበር።

ፖርቱጋሎች ስለ ቋንቋቸው መጽሐፍ መጻፍ የጀመሩት መርከቦቻቸው ከሩቅ ከደረሱ በኋላ ነው። ሴውታን በ1415 ያዙ፤ ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 ሕንድ ገባ፤ በ1500 ብራዚልን ረገጡ፣ በ1510 ጎዋን፣ በ1511 ማላካን ነጠቁ። የመጀመሪያው የፖርቱጋልኛ ሰዋስው፣ ማለትም የፈርናዎ ዴ ኦሊቬይራ መጽሐፍ፣ የታተመው ግን በ1536 ነው። ከአራት ዓመት በኋላ የታሪክ ጸሐፊው ዡዋው ዴ ባሮስ ሌላ ሰዋስው አሳተመና ቋንቋውን የሚያወድስ ቃለ ተዋስኦ ጨመረበት። በዚያ የቀረበው ሐሳብ ልብ ሊባል ይገባዋል። ፖርቱጋሎች በአፍሪካና በእስያ ጠረፎች ያቆሟቸው የድንጋይ ምልክቶች በዘመን ብዛት ሊፈርሱ ይችላሉ፤ በዚያ የሚተከለውን ቋንቋ ግን ዘመን በቀላሉ አያፈርሰውም የሚል ነው። ትንቢቱ ሠምሯል። ከእነዚያ ድንጋዮች የተረፉት ዛሬ የሙዚየም ዕቃ ሲሆኑ ቋንቋው ግን በሉዋንዳና በሳዎ ፓውሎ ገበያ ይጮኻል። ባሮስ ያላሰበው አንድ ነገር ቢኖር፣ ቋንቋው ከድንጋዩ በላይ ዕድሜ ያገኘው የተከለውን ንጉሥ ስም ስላስጠራ እንዳልሆነ ነው። ሌሎች ሰዎች፣ እርሱ ስማቸውን እንኳ ሊሰማ የማይፈልጋቸው ሰዎች፣ ለሌላ ጉዳይ ስለፈለጉት ነው።

ያው የ1540 ዓመት ለኢትዮጵያዊ አንባቢም ባዕድ አይደለም። ከዐፄ ልብነ ድንግል ዘንድ ስድስት ዓመት ቆይቶ የተመለሰው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈው መጽሐፍ በሊዝበን የታተመው በዚሁ ዓመት ነው። ከአልቫሬዝ ጋር በመልእክተኛነት የሄደው ጸጋ ዘአብም በፖርቱጋል አያሌ ዓመታት ሲጉላላ፣ የሊቃውንት ሸንጎ በሃይማኖቱ ሲመረምረውና ቁርባን ሲከለክለው ቆይቶ፣ በ1534 የቤተ ክርስቲያኑን እምነትና ሥርዐት የሚያስረዳ ጽሑፍ አቀረበ። ይህንንም የፖርቱጋሉ ሊቅ ዳምያዎ ዴ ጎይስ በላቲን ተርጉሞ በዚያው በ1540 አሳተመው፤ መጽሐፉ በፖርቱጋል እንዳይሸጥ ለመታገድም ብዙ አልዘገየም። በአገሩ የከበረ ሊቅ የነበረው ሰው በሰው አገር፣ በሰው ልሳን፣ በአስተርጓሚ በኩል «እኔ ክርስቲያን ነኝ» ብሎ ማስረዳት ነበረበት። ይህ ሥዕል ወደ ፊት በዚህ ጽሑፍ ሌላ ቦታ ይመለሳል።

በ1541 የክርስቶቮ ዳ ጋማ 400 ወታደሮች ምጽዋ ወረዱ፤ ከነርሱም በኋላ የኢየሱሳውያን መነኮሳት ገቡ፤ ከዐፄ ሱስንዮስ ውድቀት ቀጥሎ ዐፄ ፋሲል በ1634 አስወጧቸው። ያ ሁሉ ጦርና ስብከት በአገሩ ቋንቋ ላይ የተወው ዐሻራ እጅግ ትንሽ ነው። የፖርቱጋልን ስም ዛሬ በየቀኑ የሚጠራው ኢትዮጵያዊ ሳያውቀው የሚጠራው ነው፤ «ብርቱካን» የሚለው ቃል ፍሬውን በአገሩ ስም ከጠሩት ዐረቦች የመጣ ነውና። ፖርቱጋልኛ በኢትዮጵያ ሥር ያልሰደደው የሚጠላ ቋንቋ ሆኖ አይደለም። እንጀራ ለመብላት፣ ከዳኛ ፊት ለመቆም፣ ልጅ ለማሳደግ የሚያስፈልገው ሰው ስላልነበረ ነው። ይህም ለዋናው ጥያቄ አንድ ነገር ያሳያል። ቋንቋ በውበቱ አይተከልም፤ በስብከትም ብቻ አይተከልም፤ የሚተከለው ያለ እርሱ መኖር የማይቻልበት ሁኔታ ሲፈጠር ነው።

ያ ሁኔታ በብራዚል ተፈጠረ። በመጀመሪያ ግን የተሸነፈው ፖርቱጋልኛ ነበር ማለት ይቻላል። በጠረፉ የሚኖሩት ሕዝቦች የሚናገሩት ቱፒ የነጋዴውም፣ የሚሲዮናዊውም፣ ከአገሬው እናቶች የተወለዱት ልጆችም መግባቢያ ሆኖ ነበር። መነኩሴው ዦዜ ዴ አንሼታ የዚህን ቋንቋ ሰዋስው ጽፎ በ1595 በኮይምብራ አሳትሟል። ከዚህ ጠረፍ ቋንቋ የወጣው «የጋራ ቋንቋ» በሳዎ ፓውሎና በአማዞን ለሁለት መቶ ዓመት ያህል ከፖርቱጋልኛ ይልቅ ይሰማ ነበር። ይህን ያቆመው ሕግ ነው። የፖምባል ማርኪስ በመባል የታወቀው የፖርቱጋል አድራጊ ፈጣሪ ሚኒስትር በ1757 ለአማዞን፣ በ1758 ለመላው ብራዚል ባስወጣው ደንብ የአገሬው ልጆች በትምህርት ቤት በፖርቱጋልኛ ብቻ እንዲናገሩ አዘዘ። የደንቡ ምክንያት በራሱ በደንቡ ተጽፏል፤ የተገዛ ሕዝብ የገዢውን ቋንቋ ሲይዝ ፍቅርና ታዛዥነትም አብሮ ይሰርጽበታል የሚል ነው። ሥልጣን ስለ ቋንቋ ያለውን አሳብ እንደዚህ ሳያፍር የተናገረበት ሰነድ ብዙ አይገኝም።

ከሕጉ የበረታው ግን መርከቡ ነው። በታሪክ ተመራማሪዎች ስሌት በባሪያ መርከብ ተጭነው በሕይወት ብራዚል የደረሱት አፍሪካውያን ወደ 4.8 ሚሊዮን ይጠጋሉ፤ ወደ አሜሪካ አህጉር ከተወሰዱት ሁሉ ከሦስት አንድ እጅ የሚበልጥ ነው። በአንድ የሸንኮራ እርሻ ላይ የኪምቡንዱ ተናጋሪው ከዮሩባው፣ ዮሩባው ከኮንጎው ጋር ተደባልቆ ሲውል የሚያገናኛቸው የጌታው ቋንቋ ሆነ። ጌታው ያልገባው ቋንቋ ደግሞ ያስፈራው ነበር። በ1835 በሳልቫዶር ከተማ ሙስሊም ባሪያዎች ባመፁ ጊዜ፣ ፖሊስ ከቤታቸው የለቀማቸው በዐረብኛ የተጻፉ ወረቀቶች ከሰይፍ የማያንስ ድንጋጤ ፈጥረዋል።

ነገር ግን እነዚህ ሰዎች የተጫነባቸውን ቋንቋ እንዳገኙት አልተዉትም። የብራዚል ሰው የሚወደውን ሰው ፀጉር በጣቱ እየዳበሰ ሲያባብል ድርጊቱን «ካፉኔ» ይለዋል፤ የመጨረሻ ልጁን «ካሱላ» ይለዋል፤ የአትክልት መሸጫዋን ትንሽ ሱቅ «ኪታንዳ» ይላታል፤ ረባሹን ልጅ «ሞሌኪ» ይለዋል። አራቱም ከአንጎላው ኪምቡንዱ የመጡ ናቸው። ቃሎቹ የት እንደ ተቀመጡ ማየት ይገባል። በፍርድ ቤት፣ በቤተ መንግሥት ወይም በምድር ጦር አይደለም፤ በአልጋ አጠገብ፣ በጓዳ፣ በገበያና በልጅ አናት ላይ ነው። ጌታው ልጁን ለጥቁር ሞግዚት ሰጠ፤ ሞግዚቲቱም ለጌታው ልጅ ቋንቋውን አሳድጋ መለሰችለት። የጌታው ልጅ በአባቱ አፍ አዘዘ፣ በሞግዚቱ አፍ ግን አለቀሰ። ታዲያ የትኛው ነው የቋንቋው ባለቤት? የብራዚል ሥነ ጽሑፍ አካዳሚ በ1897 ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆነው ማሻዶ ዴ አሲስ ነው። በዘመኑ ፖርቱጋልኛን ከሁሉ አጥርቶ የጻፈው ይህ ሰው በአባቱ በኩል ነፃ የወጡ ባሪያዎች የልጅ ልጅ ነበር፤ ባርነት በአገሩ የተሻረውም አካዳሚው ከመቋቋሙ ከ9 ዓመት በፊት ብቻ፣ በ1888 ነው።

እዚህ ላይ መልሱ የተገኘ ይመስላል፤ ቋንቋ የሠራበት ሰው ገንዘብ ነው፣ በላብና በደም የተከፈለበት ዕቃ የከፋዩ ነው ማለት ይቻላል። አፍሪካ ግን ይህን መልስ በቀላሉ አትቀበለውም።

በአፍሪካ ፖርቱጋልኛ ከሌላው ሁሉ የተለየ አገልግሎት ተሰጥቶት ነበር፤ የሰውነት መመዘኛ ፈተና ሆኖ ነበር። በአንጎላ ጠቅላይ ገዢው ኖርቶን ዴ ማቶስ በ1921 ባወጣው 77ኛው ድንጋጌ በሚሲዮን ትምህርት ቤቶች የአገሬው ቋንቋ ከሃይማኖት ትምህርት በቀር እንዳይሠራበት ከለከለ። ከዚያም «የአገሬው ሰዎች ሥርዐት» የሚባለው ሕግ በአንጎላ፣ በሞዛምቢክና በጊኒ የሚኖረውን ሕዝብ በሁለት ከፈለው፤ በአንድ ወገን ዜጋ፣ በሌላው ወገን «አገሬ»። አገሬው ዜጋ መሆን ቢፈልግ ዕድሜው ከ18 በላይ መሆኑን፣ የሚተዳደርበት ሥራ ያለው መሆኑን፣ ጠባዩ የታረመ መሆኑን፣ ፖርቱጋልኛንም አስተካክሎ የሚናገር መሆኑን በማስረጃ ማረጋገጥ ነበረበት። ፈተናውን ያለፈ «የተዋሐደ» ይባላል፤ ያላለፈ ለግዳጅ ሥራ ይታደናል። ሕጉ በ1961 እስኪሻር ድረስ በ1950ዎቹ ከመቶው የአፍሪካ ተወላጅ አንዱ እንኳ ይህን መዓርግ አላገኘም። በፖርቱጋል መንደር ማንበብ የማይችል ገበሬ ግን ማንም ሳይፈትነው ዜጋ ነበር።

ከመቶ አንድ የማይሞሉት እነዚያ ጥቂቶች በሊዝበን ተገናኙ። ገዥው መንግሥት ከየግዛቱ የመጡትን ተማሪዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ሰብስቦ ለመቆጣጠር በ1944 «የንጉሠ ነገሥታዊው ግዛት ተማሪዎች ቤት» የተባለውን ማኅበር ፈቀደ። የተማሪዎቹ ስም ሲነበብ የወደፊቱ ታሪክ ዝርዝር ይመስላል። የጊኒ ቢሳውና የኬፕ ቨርዱ አሚልካር ካብራል እርሻ ያጠና ነበር፤ የአንጎላው አጎስቲኞ ኔቶ ሕክምና ያጠናል፣ ግጥምም ይጽፋል፤ ከአንጎላ ማሪዮ ዴ አንድራዴ፣ ከሞዛምቢክ ማርሴሊኖ ዶስ ሳንቶስ፣ ከሳኦ ቶሜ ገጣሚዋ አልዳ ኢስፒሪቶ ሳንቶ ነበሩ። ከየትውልድ ቦታቸው ይዘውት የመጡት ቋንቋ እርስ በርስ አያግባባቸውም። ያግባባቸው ፖርቱጋልኛ ነው። አምባገነኑ መንግሥት የገነባው ቤት፣ የሰጣቸው ቋንቋ፣ የከፈተላቸው ዩኒቨርሲቲ ተደምሮ ግዛቱን የሚያፈርሰው ሤራ መወለጃ ሆነ። ምስጢር ፖሊሱ ነገሩ ገብቶት ቤቱን የዘጋው በ1965 ነው፤ ያን ጊዜ ግን በሦስቱ ግዛቶች ጦርነቱ ተጀምሮ ነበር።

በዚያው ዓመት በሊዝበን የሆነው ሌላ ነገር ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የበለጠ ምስክር ነው። ሉዋንዲኖ ቪየይራ በፖርቱጋል ተወልዶ በሕፃንነቱ ወደ ሉዋንዳ የተወሰደ ነጭ ልጅ ነው፤ ያደገው «ሙሴኪ» በሚባሉት ቀይ አሸዋ ሠፈሮች ከጥቁር ልጆች ጋር ነው። በነፃነት ትግሉ በመሳተፉ በ1961 ታሰረ፤ የ14 ዓመት ፍርድም ተሰጠው። በእስር ቤት ሳለ «ሉዋንዳ» የተሰኙ ሦስት ታሪኮችን ጻፈ። የሙሴኪ ሰው እንደሚናገረው፣ ፖርቱጋልኛውን በኪምቡንዱ አገባብ እያጠፈ፣ ቃላቱን እያቀላቀለ፣ ለሊዝበን አንባቢ ትርጉም ሳይሰጥ ጻፈው። የሊዝበን ምሁር መጽሐፉን ሲከፍት በገዛ ቋንቋው እንግዳ ሆነ። በ1965 የፖርቱጋል ደራሲያን ማኅበር ታላቁን የልብ ወለድ ሽልማት ለዚህ መጽሐፍ ሰጠ፤ ደራሲው በዚያን ሰዓት በኬፕ ቨርድ በታራፋል የእስረኞች ሠፈር ነበር። የመንግሥቱ መልስ ማኅበሩን ማፍረስ ሆነ። የገዛ አገሩን ደራሲያን ቤት ያፈረሰ መንግሥት ምን ፈራ? የነፃነት ዐዋጅ በመጽሐፉ አልነበረም፤ ዶሮና እንቁላል የሚጣሉባቸው ድሆች ታሪክ ነው። የፈራው ቋንቋው ከእጁ መውጣቱን ነው። ያን ቀን በአንድ እስረኛ ብዕር የተወረሰው እንደ ርስት አይደለም፤ እንደ ምርኮ ነው። ሉዋንዲኖ ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ2006፣ የፖርቱጋልኛ ሥነ ጽሑፍ ከፍተኛው ሽልማት የሆነው የካሞይንስ ሽልማት ሲሰጠው አልቀበልም ብሏል።

ካብራል ነገሩን ሲያይ እንደ ገጣሚ ሳይሆን እንደ መሐንዲስ ነበር። ለታጋዮቹ ባደረገው ትምህርት ቋንቋ መሣሪያ እንጂ ሌላ አይደለም፣ ፖርቱጋሎች ከተዉልን ነገሮች ደግሞ ከመልካሞቹ አንዱ ይኸው ነው የሚል አቋም ወስዷል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የአገሩ ክሪዮል ገና ያልተጻፈ፣ የሳይንስ መጽሐፍ የሌለው ነበር። በነፃ መሬት የተከፈቱት የጫካ ትምህርት ቤቶችም በፖርቱጋልኛ አስተማሩ። አቋሙ የተግባር ሰው አቋም ነው፤ በዚህም ሊከበር ይገባዋል። ሆኖም «መሣሪያ» የሚለው ምሳሌ አንድ ነገር ይሰውራል። ዶማ ሁሉም እጅ ይይዘዋል፤ ቋንቋ ግን አስቀድሞ ያልተማረውን ሰው እጅ አይቀበልም።

ካብራል በ1973 ከተገደለ በኋላ ነፃ የወጣችው ጊኒ ቢሳው ይህን በራሷ ቆዳ አየችው። ብራዚላዊው የትምህርት ሊቅ ፓውሎ ፍሬሬ ከ1975 ጀምሮ ለአገሪቱ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አማካሪ ሆነ። ሊቁ ለጭቁኖች ትምህርት በዓለም የታወቀ ነው፤ ዘመቻው ግን በፖርቱጋልኛ ነበርና ፍሬ አላፈራም። አንድ ገበሬ በማያውቀው ቋንቋ ፊደል ቆጠረ ማለት ማንበብ ተማረ ማለት አይደለም። ፍሬሬም ኋላ የውድቀቱ ዋነኛ ምክንያት የቋንቋው ምርጫ መሆኑን በግልጥ ተናግሯል። የነፃነት መምህር በነፃ አገር፣ በነፃ አውጪው ድርጅት ጥሪ ሄዶ የሕዝቡን አፍ ሳይከፍት መመለሱ የዘመኑ መራራ ምፀት ነው።

ሞዛምቢክም ተመሳሳዩን መንገድ መረጠች። በ1975 ነፃ ስትወጣ ከመቶ 93 ያህሉ ሕዝብ ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር። ፍሬሊሞ ከማኩዋ፣ ከሻንጋን፣ ከሴና አንዱን መርጦ ሌሎቹን ከማስቀየም የማንም ያልሆነውን ቋንቋ የአንድነት ቋንቋ አደረገ። «የማንም ያልሆነ» የሚለው ክርክር ጥሩ መስሎ ይታያል፤ እውነቱ ግን የጥቂቶች መሆኑ ነው። በ1980 በተደረገው ቆጠራ ፖርቱጋልኛ አፍ መፍቻ የሆነለት ከመቶ 1.2 ብቻ፣ መናገር የሚችለውም ሩብ ያህሉ ነበር። በ2017 አፍ መፍቻ ያደረጉት ከመቶ 16.6 ደረሱ። አንጎላ ከዚህ አልፋ ሄዳለች። ከ1975 እስከ 2002 የዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነት ገጠሬውን ወደ ከተማ ሲያጎርፈው፣ ኡምቡንዱ የሚናገረው ልጅ ኪምቡንዱ ከሚናገረው ልጅ ጋር በአንድ ግቢ ኳስ ሲጫወት በፖርቱጋልኛ ተግባባ። በ2014 ቆጠራ ከመቶ 71 ያህሉ ሕዝብ በቤቱ የሚናገረው ፖርቱጋልኛ መሆኑ ታወቀ። ቅኝ ግዛቱ በአራት መቶ ዓመት ያላደረገውን ነፃነቱና ጦርነቱ በአርባ ዓመት አደረጉት። በዚህ ሉዋንዳዊው ወጣት ያተረፈው አንድ አገር ነው፤ የከሰረው ከአያቱ ጋር የሚያወራበትን ቋንቋ ነው። ትርፍና ኪሳራው በአንድ ሚዛን የሚመዘን ቢሆን መልሱ ቀላል በሆነ ነበር። አያቲቱ ግን በቆጠራው የምትቆጠረው በአንድ ቁጥር ብቻ ነው።

ጥያቄው በሙሉ ክብደቱ የቆመው ከአፍሪካ ርቆ በምሥራቅ ቲሞር ነው። ትንሺቱ አገር በ1975 ከፖርቱጋል ነፃነቷን ባወጀች በዘጠነኛው ቀን ኢንዶኔዥያ ወረረቻት። ወራሪው ፖርቱጋልኛን ከትምህርት ቤት አገደ፤ ልጆቹ በኢንዶኔዥያኛ እንዲማሩ አደረገ። የትናንቱ የጌታ ቋንቋ በአንድ ሌሊት የተሰዳጅ ቋንቋ ሆነ። በተራራ ያሉት ታጋዮች መልእክታቸውን ይጽፉበት ጀመር፤ ቤተ ክርስቲያንም ሥርዐቷን በኢንዶኔዥያኛ እንድታደርግ ስትታዘዝ እምቢ ብላ የአገሩን ቴቱም መረጠች። በኅዳር 1991 በዲሊ ከተማ በሳንታ ክሩዝ መቃብር ወታደሮች በሰልፈኞች ላይ ተኩሰው ከ200 በላይ ሰዎች ገደሉ። የተቀረጸው ፊልም ወጥቶ በዓለም ሲታይ፣ ተኩስ ሸሽተው በመቃብሩ ጸሎት ቤት የተጠለሉት ሰዎች ሲጸልዩ ተሰሙ፤ የጸለዩት በፖርቱጋልኛ ነበር። የሊዝበን ሰው ከ16 ዓመት በፊት የተዋቸውን ሕዝብ በቴሌቪዥኑ ውስጥ በራሱ ቋንቋ «ሰላም ለኪ ማርያም» ሲል ሰማ። የፖርቱጋል ሕዝብ ለቲሞር ነፃነት በአደባባይ የወጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ጆሮውን የከፈተው ርኅራኄ ነው ወይስ የራሱ ድምፅ? አንድ ሰው የሌላውን ጩኸት ለመስማት ጩኸቱ በራሱ ቋንቋ እንዲሆን የሚያስፈልገው ከሆነ፣ በሌላ ቋንቋ ጮኸው የሞቱት ምን ይሆናሉ?

በ1999 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከመቶ 78.5 ድምፅ ለነፃነት ተሰጠ። በ2002 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ቴቱምንና ፖርቱጋልኛን የመንግሥት ቋንቋዎች አደረገ፤ ያን ጊዜ ፖርቱጋልኛ የሚያውቀው በአመዛኙ አሮጌው ትውልድና የትግሉ መሪ ነበር። በኢንዶኔዥያኛ የተማረው ወጣት፣ በመቃብሩ የተተኮሰበት ያው ወጣት፣ ነፃ በወጣች አገሩ ማመልከቻ መጻፍ የማይችል ሆነ። መሪዎቹ ቋንቋውን የመረጡት ለማንነትና ለታሪክ ብለው ነው፤ ከጎረቤቶቻቸው ከኢንዶኔዥያና ከአውስትራሊያ የሚለያቸው እርሱ ነውና። ምክንያታቸው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን የአገሪቱ ሕጎች የሚጻፉት በአብዛኛው በፖርቱጋልኛ ነው፤ ዳኞችም የሠለጠኑት በዚሁ ቋንቋ ነው። ከተራራ መንደር መጥታ ከችሎት ፊት የቆመች ሴት ቴቱምንም በደንብ ላታውቅ ትችላለች፤ የአገሩ ቋንቋ ከደርዘን ይበልጣልና። በደሏን ለአስተርጓሚ ትነግራለች፤ አስተርጓሚው የቻለውን ያህል ያሻግራል፤ የሚፈረድላት ወይም የሚፈረድባት በማትሰማው ቃል ነው። በ«በላ ልበልሃ» ሙግት አንደበቱን ስሎ ለቆመ ባላገር ዘር ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ጸጋ ዘአብ በሊዝበን ሸንጎ ፊት በቆመበት ቦታ ይህች ሴት በገዛ አገሯ ቆማለች።

ሌሎቹን አገሮች በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። በኬፕ ቨርድ ሕዝቡ ሁሉ የሚናገረው ከፖርቱጋልኛና ከአፍሪካ ቋንቋዎች የተወለደውን ክሪዮል ነው፤ ሴዛሪያ ኤቮራ ዓለምን ያስለቀሰችው በርሱ ነው። ሕገ መንግሥቱ ክሪዮሉ ከፖርቱጋልኛ ጋር እኩል የመንግሥት ቋንቋ የሚሆንበት ሁኔታ እንዲመቻች ያዛል፤ ሁኔታው ሲመቻች ግን ዓመታት አልፈዋል። ኢኳቶሪያል ጊኒ ደግሞ ቀድሞ የስፔን ቅኝ ሆና ሳለች፣ ሕዝቧ ሳይናገረው ፖርቱጋልኛን የመንግሥት ቋንቋ አድርጋ በ2014 የፖርቱጋልኛ ተናጋሪ አገሮች ማኅበር አባል ሆነች። ቋንቋን እንደ ፓስፖርት ማኅተም የሚያዩት ሹማምንት መኖራቸው ያስቃል፤ ብዙ ግን አያስተምርም። ከዚህ ይልቅ ልብ የሚነካው በማላካ ያለው ነገር ነው። ፖርቱጋሎች ከተማዋን ለደች የለቀቁት በ1641 ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም ሳያስገድዳቸው፣ ምንም ጥቅም ሳያገኙበት፣ ጥቂት የዓሣ አጥማጅ ቤተሰቦች «ክሪስታንግ» የሚሉትን ከፖርቱጋልኛ የወጣ ንግግር ለልጆቻቸው እያወረሱ እስከዚህ ዘመን ደርሰዋል። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ «ወረሰ» የሚለው ግስ ያለ ቅሬታ የሚነገረው ምናልባት ለእነርሱ ብቻ ነው።

ፓውሊና ሺዚያኔ በሞዛምቢክ በ1955 ተወለደች፤ በቤቷ የምትናገረው ቾፒ ሲሆን ፖርቱጋልኛን የተማረችው በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ ልብ ወለድ ያሳተመች የመጀመሪያዋ ሞዛምቢካዊት ሴት ሆነች። በ2021 የካሞይንስ ሽልማት ተሰጣት፤ ሽልማቱን የተቀበለችው በግንቦት 2023 በሊዝበን ነው። ሉዋንዲኖ እምቢ ያለውን እርሷ ተቀበለች፤ ተቀብላ ግን አመስግና አልተቀመጠችም። ቋንቋው በእውነት የእኛ ይሆን ዘንድ ከቅኝ ግዛት መጽዳት አለበት አለች። ለማስረጃም ራሱን የፖርቱጋልኛ መዝገበ ቃላት ጠቀሰች። የጥቁር ሰው ቤት፣ የጥቁር ሰው ጠረን፣ የአፍሪካ የእናት ወገን ሥርዐት በመዝገቡ እንዴት በንቀት እንደ ተተረጐሙ አንድ በአንድ እያነሣች ተናገረች። የተናገረችውም በፖርቱጋልኛ ነው፤ በአዳራሹ የነበሩት ታዳሚዎችም ያለ አስተርጓሚ ሰሟት።